መቆጣጠሪያ ከመግዛታችሁ በፊት ሞላውን ለኩ

የመኪናውን ቡስት፣ ማለትም ቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚያስገባውን የታመቀ አየር ግፊት፣ ከፍ ማድረግ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ስክሪን ያለው መቆጣጠሪያ ላይ ነው። ማታ ዳሽቦርድ ላይ ሲያበራ ያምራል፣ ይህን አልክድም። ቡስቱን የሚወስነው ግን ኮፈኑ ሥር፣ ከቱርቦው ጎን በተንጠለጠለችው ጣሳ መሳይ ዕቃ ውስጥ የተቀመጠ ሞላ ነው። ርካሹ የእጅ ቫልቭም ሆነ ውዱ ኤሌክትሮኒክ ሳጥን የሚሠሩት ሥራ አንድ ነው፤ ያንን ሞላ ያታልላሉ። የሚታለለውን ሳያውቁ አታላዩን መግዛት ደግሞ ገንዘብ ማባከን ነው።

እዚህ የማወራው ስለ ሱባሩ ደብልዩአርኤክስ ኤስቲአይ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ከ2004 እስከ 2021 ሞዴል ስለተሸጠው፣ ባለ 2.5 ሊትር ኢጄ257 ሞተር ስላለው። ሚትሱቢሺ ኢቮ ወይም ኒሳን ሲልቪያ ያላችሁም አብዛኛው ይሠራላችኋል፤ የቱቦው አቀማመጥ ይለያይ እንጂ ፊዚክሱ ያው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ተርባይኑን ያሽከረክራል፣ ተርባይኑ በዘንግ የተያያዘውን ኮምፕረሰር ይዞ ይዞራል፣ ኮምፕረሰሩ አየር ያምቃል። ልጓም ካልተደረገለት መቆሚያ የለውም። ልጓሙ ዌስትጌት ነው፤ ጭሱን ተርባይኑን ሳይነካ በጎን የሚያሳልፍ ትንሽ ክዳን። ክዳኑን በዘንግ የሚያንቀሳቅሰው አክቹዌተር የሚባለው ጣሳ ሲሆን፣ ውስጡ ዲያፍራም (ግፊቱ የሚገፋው የጎማ ሽፋን) እና ሞላ አለ። ከኮምፕረሰሩ መውጫ በቀጭን ቱቦ የሚመጣው ግፊት ሞላውን ሲያሸንፍ ክዳኑ ይከፈታል፣ ቡስቱም እዚያው ይቆማል። መቆጣጠሪያ ስትጨምሩ ወደ አክቹዌተሩ ከሚሄደው ግፊት ላይ ይቀነሳል፤ አክቹዌተሩ እውነተኛውን ግፊት ስለማያይ ዘግይቶ ይከፍታል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ምንም መቆጣጠሪያ ቡስቱን ከሞላው በታች ሊያወርደው አይችልም። ሞላችሁ 0.8 ባር ከሆነ ዝናብ ቢጥል፣ ቤንዚኑ ደካማ ቢሆን፣ ወለላችሁ 0.8 ነው። ሁለተኛ፣ ወደ ላይም ገደብ አለው። ባለሙያዎች የሚሠሩበት ልክ የሞላው እጥፍ ነው፦ ባለ 0.5 ባር ሞላ እስከ 1 ባር ድረስ በሰላም ይታዘዛል። ከዚያ በላይ ስትወጡ ተርባይኑ ፊት የታመቀው ጭስ ራሱ ክዳኑን ገፍቶ መክፈት ይጀምራል፣ ሶሌኖይዱ (መቆጣጠሪያው የሚያዘው የኤሌክትሪክ ቫልቭ) የቱንም ያህል ቢሠራ ቡስቱ ላይኛው ዙር ላይ፣ ማለትም ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር፣ ይወርዳል። ስለዚህ ሞላ ስትመርጡ ከምትፈልጉት ዝቅተኛ ቡስት ትንሽ ያነሰ፣ ከምትፈልጉት ከፍተኛ ቡስት ግማሽ ያላነሰ ይሁን። ኤስቲአይ ከፋብሪካ ሲወጣ ከፍተኛው ወደ 1 ባር፣ ማለትም 14.5 ፒኤስአይ አካባቢ ነው። 1.2 ባር ለሚፈልግ ሰው 0.6 ወይም 0.7 ባር ሞላ ይበቃዋል። 1 ባር ሞላ ገዝቶ «ጠንካራ ይሻላል» የሚል ሰው ቡስቱን ማውረድ የሚያስፈልገው ቀን ይቸገራል።

ሞላውን እንዴት መለካት እንደሚቻል

አክቹዌተሩን ሳትፈቱ መለካት ትችላላችሁ። የሚያስፈልገው ጌጅ ያለው የብስክሌት መንፊያ፣ ግማሽ ሜትር ቀጭን ቱቦና ነጭ የቀለም እስክሪብቶ ብቻ ነው። ሞተሩ ይቀዝቅዝ። ከኮምፕረሰሩ የሚመጣውን ቱቦ ከአክቹዌተሩ ላይ ነቅላችሁ የመንፊያውን አስገቡ። ዘንጉ ከጣሳው በሚወጣበት ቦታ ላይ ቀጭን መስመር አስምሩ። አሁን በጣም ቀስ እያላችሁ ንፉ፣ ዓይናችሁ ከመስመሩ አይነሳ። መስመሩ ከጣሳው አፍ መራቅ የጀመረበትን ግፊት ጻፉ፤ ይህ መነሻው ነው። ዘንጉ መሄድ ያቆመበትንም ጻፉ። ከዚያ መንፋት አቁማችሁ አንድ ደቂቃ ጠብቁ። መስመሩ ወደ ቦታው እየተመለሰ ከሆነና ጌጁም ከወረደ፣ መጀመሪያ የመንፊያችሁን መጋጠሚያ በሳሙና ውኃ ፈትሹ፤ እሱ ደህና ከሆነ ዲያፍራሙ ተቀዷል። የተቀደደ ዲያፍራም ያለው መኪና ላይ የትኛውም መቆጣጠሪያ ቢገጠም አይሰክንም፣ ቡስቱም ከሚገባው በላይ ይወጣል። ዘንጉ እየተንቀጠቀጠና እየተያያዘ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ የክዳኑ ማጠፊያ ዝጓል ወይም ተበልቷል።

እዚያው እያላችሁ ፕሪሎዱን፣ ማለትም ዘንጉ ክዳኑን አስቀድሞ ወደ መዝጊያው የሚስብበትን ኃይል፣ እዩ። ዘንጉን ክዳኑ ክንድ ላይ የያዘችውን ትንሽ ክሊፕ አውጥታችሁ ዘንጉን አላቁት፣ ክዳኑን በጣታችሁ ዝጉ። የዘንጉ ቀዳዳ ከክንዱ ፒን 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ያህል አጥሮ ቢገኝና ለማስገባት ትንሽ መሳብ ካስፈለገ ደህና ነው። ያለ ምንም ስበት ከገባ ክዳኑ በሙሉ ኃይል አይዘጋም፤ ጭስ በጎን ያመልጣል፣ ቱርቦውም ዘግይቶ ይነሳል። ማስተካከያ ያለው ዘንግ ከሆነ ዳዶውን ፈትታችሁ በግማሽ ዙር ብቻ እያሳጠራችሁ ሞክሩ። ፕሪሎድ ቡስት መጨመሪያ ነው ብሎ አምስት ስድስት ዙር የሚያጠብቅ አለ፤ ዘንጉ ያለው የጉዞ ርዝመት የተወሰነ ስለሆነ ክዳኑ በደንብ መከፈት ያቅተውና ላይኛው ዙር ላይ ቡስቱ ያመልጣል።

ሶሌኖይዱ

ኤስቲአይ ከፋብሪካ የሚመጣው ባለ ሁለት ቀዳዳ ሶሌኖይድ ይዞ ነው። ከኮምፕረሰሩ የሚወጣው ቱቦ ባለ ሦስት አፍ መጋጠሚያ ላይ ይደርሳል፤ አንዱ አፍ ወደ አክቹዌተሩ፣ ሌላው ወደ ሶሌኖይዱ ይሄዳል። ሶሌኖይዱ ሲከፈት ግፊቱን ከቱርቦው በፊት ወዳለው የአየር ማስገቢያ ቱቦ ይመልሳል። ከኮምፕረሰሩ በሚመጣው ቱቦ ውስጥ ደግሞ ከውጭ የማይታይ፣ መሃሉ በጠባብ ቀዳዳ የተበሳ የነሐስ ቁራጭ አለ። ሥራው ግፊቱን ማጥበብ ነው፤ ሶሌኖይዱ የሚያስወጣው ከሚገባው እንዲበልጥ። ቱቦውን በጣታችሁ እየጫናችሁ ብትሄዱ ጠንካራ ነገር ይሰማችኋል፤ እሱ ነው። «አዲስ ሲሊኮን ቱቦ ቀይሬ ቡስቴ ወረደ» የሚባለው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ቁራጭ ከአሮጌው ቱቦ ጋር ተጥሎ ነው።

ባለ ሦስት ቀዳዳው የተሻለ ነው፤ እኔ ብጠየቅ ለመንገድ መኪና የምመክረው እሱን ብቻ ነው። አየር እያፈሰሰ ከመቀነስ ይልቅ መንገዱን ራሱ ያቋርጣል፦ አንዴ ኮምፕረሰሩን ከአክቹዌተሩ ያገናኛል፣ አንዴ አክቹዌተሩን ከመመለሻው ያገናኛል። ክዳኑን እስከ መጨረሻው ዘግቶ ስለሚያቆይ ቱርቦው ቶሎ ይነሳል፣ የሚቆጣጠረውም ክልል ሰፊ ነው። በየሱቁ በተለያየ ስም የሚሸጡት ብዙዎቹ ውስጣቸው አንድ ነው፤ ማክ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚያመርተው ባለ 12 ቮልት፣ 5.4 ዋት ቫልቭ። መልቲሜትር ብታስገቡበት ወደ 27 ኦም ማንበብ አለበት። ሁለቱ ሽቦዎች የትኛውም ወደየትኛውም ቢገቡ ለውጥ የለውም።

ለውጥ የሚያመጣው የቱቦዎቹ አገባብ ነው። ቀዳዳዎቹ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አትመኑ፤ የአንዱ ሻጭ መመሪያ 1 የሚለውን ሌላው 3 ይለዋል። በአፍ መንፋት ይበልጣል። ኤሌክትሪክ ሳይነካው መሃለኛው ቀዳዳ ላይ ንፉና አየሩ በየት እንደወጣ እዩ። ከዚያ ከባትሪ 12 ቮልት ስጡት፣ «ጧ» ሲል እንደገና ንፉ፤ አሁን አየሩ በሌላኛው ይወጣል። በሁለቱም ጊዜ የሚያገለግለው ቀዳዳ የአክቹዌተሩ ነው። ኤሌክትሪክ በሌለበት የተገናኘው የኮምፕረሰሩ ነው፣ ኤሌክትሪክ ሲኖር የተከፈተው መመለሻው ነው። እንዲህ ከተገጠመ ሽቦው ቢበጠስ እንኳ ቡስቱ ወደ ሞላው ይወርዳል እንጂ ሞተሩን አያቃጥልም። ገልብጦ የገጠመ ሰው ሽቦው በተበጠሰ ቀን ልጓም የሌለው ቱርቦ ይዞ ነው የሚነዳው።

ባለ ሦስት ቀዳዳ ስታስገቡ ያንን የነሐስ ቁራጭ የግድ አውጡ። ከተረሳ ግፊቱ ወደ አክቹዌተሩ ተንቀራፎ ይደርሳል፣ ቡስቱ መጀመሪያ ላይ ዘሎ ይወጣል። ሌላው ስህተት ደግሞ የባሰ ነው፦ ሶሌኖይዱን ቀይሮ በፋብሪካው ፕሮግራም መንዳት። አዲሱ ቫልቭ በዚያው ዱቲ፣ ማለትም በዚያው የመከፈቻ ጊዜ መቶኛ፣ ከአሮጌው እጅግ የበለጠ ቡስት ይሰጣል። ኢሲዩው (የሞተሩ ኮምፒውተር) ካልተስተካከለ ጋዙን እስከ ወለሉ አትርገጡ።

መመለሻውን ክፍት ከመተው ከአየር ሴንሰሩ በኋላ ወዳለው ማስገቢያ ቱቦ መልሱት። የተቆጠረው አየር አይባክንም፣ አቧራም አይገባም። ሶሌኖይዱን ከቱርቦው ሙቀት አርቁ፣ አፎቹ ወደ ታች ይዩ፤ የዘይት እርጥበት ውስጡ ሲጠራቀም መያዝ ይጀምራል።

የእጅ መቆጣጠሪያስ? ኳስና ሞላ ያለው ዓይነት ኢሲዩው ቡስት ለማይቆጣጠር አሮጌ መኪና ርካሽና አስተማማኝ ነው። ጎኑ ላይ መርፌ የምታህል ቀዳዳ አለችው፤ ጋዝ ስትለቁ አክቹዌተሩ ውስጥ የቀረው ግፊት የሚወጣው በእሷ ነው፣ በጭቃ ወይም በቴፕ እንዳትደፈን። ኤስቲአይ ላይ ግን አልመክረውም። ኢሲዩው ሞተሩ ሲያንኳኳ (ነዳጁ ያለ ጊዜው ሲፈነዳ) ቢሰማ ዱቲውን የሚቀንስበት ሶሌኖይድ እጁ ላይ የለውም። ኢጄ257 ደግሞ ማንኳኳትን የማይታገሥ ሞተር ነው፤ የፒስተኑ ፋሻ ማረፊያ ይሰነጠቃል። ስክሪን ያላቸው ለብቻ የሚቆሙ ኤሌክትሮኒክ ሳጥኖች ላይም ያለኝ ቅሬታ ይኸው ነው። ኢሲዩው ማርሹን፣ ሙቀቱን፣ ማንኳኳቱን እያየ የሚሠራውን ሥራ ነጥቆ ግፊት ብቻ ለሚያይ ሳጥን መስጠት ነው።

ውጫዊ ዌስትጌት

ከቱርቦው ውጭ ለብቻው የሚገጠመው ይህ ዌስትጌት የሚያስፈልገው ቱርቦው ራሱ ሲለወጥ ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት መጠኑ ላይ ነው፤ ትልቅ ቡስት ትልቅ ዌስትጌት የሚፈልግ ይመስላቸዋል። ግልባጩ ነው፦ ቡስቱ ዝቅ ባለ ቁጥር በጎን ማለፍ ያለበት ጭስ ይበዛል። ትልቅ ሞተር በ0.6 ባር ለመያዝ 44 ሚሊ ሜትር ሊያስፈልግ ይችላል፣ ያው ሞተር በ1.8 ባር 38 ይበቃው ይሆናል። ቱቦው ከማኒፎልዱ የሚወጣው ደግሞ የጭሱን ፍሰት ተከትሎ ያጋደለ ይሁን፤ በ90 ዲግሪ ከተበየደ ጭሱ መታጠፍ አይወድምና ትልቁም ዌስትጌት ትንሽ ሆኖ ይቀራል።

ውጫዊው ሁለት አፍ አለው። የጎኑ አፍ የሚገባው ግፊት ቫልቩን ይከፍታል፣ የላይኛው ሞላውን አግዞ ይዘጋል። የጎኑን በቀጥታ ከኮምፕረሰሩ አገናኝታችሁ ሶሌኖይዱ የላይኛውን እንዲመግብ ብታደርጉ ከሞላው እጥፍ በላይ መሄድ ትችላላችሁ። የላይኛው ቱቦ ቢፈነዳ ቡስቱ ወደ ሞላው ይወርዳል፣ የጎኑ ቢፈነዳ ግን ዌስትጌቱ አይከፈትም። ስለዚህ ጥሩውን ቱቦና ጥሩውን ማጥበቂያ ለጎኑ ስጡ። ባለ አራት ቀዳዳ ሶሌኖይድ ሁለቱንም አፍ በአንድ ጊዜ ያቀያይራል፤ ለውድድር መኪና ግሩም ነው፣ ለመንገድ ግን ትንሽ የዱቲ ለውጥ ብዙ ቡስት ስለሚያመጣ ማስተካከሉ አድካሚ ነው።

ቱቦ ላይ አትቆጥቡ። የውስጥ ስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር፣ ግድግዳው ወፍራም፣ ርዝመቱ በተቻለ መጠን አጭር። በረዘመ ቁጥር ምልክቱ ይዘገያል። ግፊቱን የምትወስዱት ከኮምፕረሰሩ መውጫ እንጂ ከማስገቢያ ማኒፎልዱ አይሁን፤ ማኒፎልዱ ጋዝ ሲለቀቅ ወደ ቫኩም ይገባል፣ የታመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለርም መሃል ላይ ግፊት ይበላል።

ከፍታና ሴንሰር

ቡስት ጌጅ የሚያሳየው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው። ሞላውም የሚያውቀው ያንኑ ነው። ቨርጂኒያ ባሕር ዳርቻ ላይ 1 ባር ቡስት ማለት ሞተሩ የሚቀበለው 2 ባር ገደማ ነው፣ ቱርቦውም አየሩን እጥፍ ነው ያመቀው። ዴንቨርና አውሮራ፣ 1,600 ሜትር ላይ፣ የአካባቢው አየር ወደ 0.83 ባር ይወርዳል፤ አዲስ አበባ፣ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ፣ ወደ 0.77። እዚያ ያንኑ 2 ባር ለሞተሩ መስጠት የፈለገ ሰው ቱርቦውን 2.6 እጥፍ እንዲያምቅ እያስገደደው ነው። ትንሿ የፋብሪካ ቱርቦ ይህን ስትሞክር ከአቅሟ በላይ ትሽከረከራለች፣ አየሩን ታሞቀዋለች። ስለዚህ ከፍ ያለ ቦታ ላይ የዝቅተኛ አገር የቡስት ቁጥር አታሳድዱ። ቤንዚኑም ይለያል፤ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ፓምፕ ላይ 93 ኦክቴን አለ፣ ኮሎራዶና ካሊፎርኒያ በብዛት የምታገኙት 91 ነው። ለ93 የተሠራ ፕሮግራም ይዞ ወደ 91 አገር መሄድ ማንኳኳትን መጥራት ነው።

የማኒፎልድ ግፊት ሴንሰሩም ወሰን አለው። ሎግ (ኢሲዩው የሚመዘግበው መረጃ) ላይ ቡስቱ እየወጣ ሄዶ በድንገት እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ ከሆነ፣ ቡስቱ የሰከነ እንዳይመስላችሁ፤ ሴንሰሩ ማየት ያቆመበት ነው። ባለ 3 ባር ሴንሰር ባሕር ጠለል ላይ እስከ 2 ባር ቡስት ገደማ ያያል።

ማስተካከሉ

መጀመሪያ የአየር ማፍሰስ ፍተሻ። የቱርቦውን መግቢያ በክዳን ዘግታችሁ ከኮምፕረሰር በሬጉሌተር 1 ባር አስገቡ፣ መጋጠሚያዎቹን በሳሙና ውኃ ርጩ። አረፋ ያለበትን ሳትዘጉ ወደ ዱቲ አትሂዱ።

ከዚያ ዳይኖ (መኪናው ቆሞ ኃይሉ የሚለካበት ማሽን) ወይም ዝግ ትራክ ላይ፣ በአራተኛ ማርሽ ከ2,500 ዙር ጀምሮ በ0 በመቶ ዱቲ አንድ ጉዞ። የምታዩት የሞላው ወለል ነው። ቀጥሎ 20፣ ከዚያ በ5 በመቶ እያሳደጋችሁ እያንዳንዱን መዝግቡ። ለምሳሌ 0 በመቶ 0.55 ባር፣ 20 በመቶ 0.7፣ 30 በመቶ 0.85፣ 40 በመቶ 1.05 ቢሰጥ፣ ጭማሪው ቀጥ ያለ እንዳልሆነ ታያላችሁ፤ ወደ ላይ ሲሄድ ይሾላል። 10 በመቶ ዘሎ መጨመር አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው። የራሳችሁን ኢሲዩ የምትጠቀሙ ከሆነ የሶሌኖይዱን ድግግሞሽ ከ20 እስከ 30 ኸርዝ መካከል አድርጉት። ፕሮፖርሽናልና ኢንተግራል የሚባሉትን፣ ቡስቱ ከኢላማው ሲለይ ኢሲዩው ዱቲውን የሚያስተካክልባቸውን እርማቶች መጨረሻ ላይ ነው የምትነኩት፤ መነሻ ሠንጠረዡ ልክ ሳይሆን እርማት ከተጨመረ ቡስቱ እንደ ዥዋዥዌ ይወዛወዛል።

ቡስቱ መጀመሪያ ላይ ዘሎ ተመልሶ ከወረደ፣ ኢሲዩው አይቶ ዱቲውን ሲቀንስ ጉዳቱ ደርሷል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። መፍትሔው በእርማት መሮጥ ሳይሆን ቱርቦው በሚነሳበት ከ2,500 እስከ 3,500 ዙር ያለውን መነሻ ዱቲ መቀነስና ቱቦውን ማሳጠር ነው። በጨዋነት ከተነሣ በኋላ ከዙሩ ጋር እየጨመረ የሚሄድ ከሆነ ግን ሌላ በሽታ ነው። ሶሌኖይዱን አውጥታችሁ ኮምፕረሰሩን ከአክቹዌተሩ በአንድ ቱቦ በቀጥታ አገናኙና ድገሙት። አሁንም ከጨመረ መቆጣጠሪያው ነፃ ነው፤ ክዳኑ የሚመጣውን ጭስ አልቻለውም። 76 ሚሊ ሜትር ማርሚታ ካስገቡ በኋላ የተለመደ ነው። የተርባይኑ ቤት ወጥቶ የዌስትጌቱ ቀዳዳ ይሰፋል፣ ክዳኑ ዙሪያውን ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር የሚያርፍበት ጠርዝ እንዲቀር ተጠንቅቆ። ላይኛው ዙር ላይ የሚወርድ ቡስት ደግሞ ወይ የሞላ መድከም ነው፣ ወይ ቱርቦዋ አቅሟ አልቋል። ባለ 0.5 ባር ሞላ ይዛችሁ 1.3 ስትጠይቁ ከወረደ ሞላውን ጠርጥሩ።

ይህን ሁሉ በሐምሌ ከሠራችሁ ጥር ላይ ሎጉን እንደገና እዩት። በቀዝቃዛ አየር ያው ዱቲ የበለጠ ቡስት ይሰጣል፤ የነዳጅ ማቋረጫው ወሰን ከኢላማችሁ ቢያንስ 0.15 ባር በላይ ይቀመጥ፣ ከፍተኛ ዱቲው ደግሞ ኢላማውን ለመድረስ ከሚያስፈልገው ከ5 በመቶ በላይ አይለፍ።